በሶላር የሚሠራ የአየር ጥራት መለኪያ ልንገዛ ነው፤ የቱን እንምረጥ?

ወይራ

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮልፌ አካባቢ ባለች አንዲት አነስተኛ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ውስጥ ነው የምሠራው። ቆሼ ዙሪያና ቀለበት መንገዱ ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች ስድስት የአየር ጥራት መለኪያ እንድንሰቅል የሁለት ዓመት በጀት ተፈቅዶልናል። የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። መብራት ባለበት ቀን እንኳን ጥበቃው ማታ ቆጣሪውን አጥፍቶ ነው የሚተኛው። ስለዚህ በሶላር የሚሠራ ይሁን ብለን ተስማምተናል።

አራት አማራጭ ይዘናል። አንደኛው ክላሪቲ ኖድ ኤስ ነው፤ ፓኔሉ አብሮት የተገጠመ፣ በሲም ካርድ ዳታ የሚልክ፣ ግን በየዓመቱ የሚከፈልበት። ሁለተኛው የኳንትኤኪው ሞዱሌር ፒኤም ነው፤ ዋጋው ከበድ ይላል። ፐርፕልኤር ደግሞ ከ200 እስከ 300 ዶላር መሀል ነው፤ ነገር ግን ዋይፋይና የ5 ቮልት ኃይል ስለሚፈልግ ሶላሩን እኛው መሥራት ሊኖርብን ነው። የመጨረሻው ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኤርኮ ነው።

ለጋሹ በበኩሉ «ቀጥታ የሚታይ ዳሽቦርድ»፣ ንባቡ በኢንተርኔት የሚታይበት ገጽ ማለት ነው፣ ይፈልጋል። ወላጆች ደግሞ የሚጠይቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጆቻችን የሚተነፍሱት ምንድን ነው?» የገዛ፣ የሰቀለ፣ የተማረረም ካለ ወዲህ በሉ።

ሽቦ በጣሽ

እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ የሶላር ቴክኒሻን ነኝ። የአየሩን ጉዳይ ለሚያውቁት ትቼ ስለ ኃይሉ ላውራ።

እኛ አገር ሶላር የሚፈተነው በጥር ሳይሆን በሐምሌ ነው። ሻጩ «በፀሐይ ይሠራል» ሲልሽ «ፀሐይ ሳያይ ስንት ቀን ይቆያል?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። «ረጅም ጊዜ» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ሒሳቡ ይኸውልሽ። አብዛኞቹ መለኪያዎች ውስጥ ያለው፣ ፕላንታወር የሚባለው የብናኝ ሴንሰር በ5 ቮልት እስከ 100 ሚሊ አምፒር ይስባል። ግማሽ ዋት ማለት ነው። ቦርዱና ሲም ካርድ የሚይዘው ክፍል ሲጨመር በአማካይ 1 ዋት በይው። በቀን 24 ዋት ሰዓት ነው። ክረምት ላይ ሲከፋ ከፓኔሉ የምታገኚው ሙሉ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያም ላይ በቻርጀሩና በባትሪው 30 በመቶ ያህሉ ይባክናል። 24ን ለ1.4 ስታካፍዪው 17 ዋት ይመጣል። ስለዚህ ባለ 20 ዋት ፓኔል ያዢ። ባትሪው ሦስት ቀን ይያዝ ካልሽ 72 ዋት ሰዓት ያስፈልግሻል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። መርካቶ ያለችው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ስትባዛ 84 ዋት ሰዓት ትሆናለች፤ በቂ ትመስላለች። ነገር ግን እርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች በየጊዜው ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የምትጠቀሚው 42 ብቻ ነው። በዚያው መጠን ያለ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን 80 በመቶውን ብታወጪበት ቅር አይለውም። ዋጋው ይበልጣል፣ ክብደቱ ያንሳል፣ ከርሞም ይገኛል።

ፐርፕልኤርን በሶላር እንሠራዋለን ካላችሁ ደግሞ ዋይፋዩን አትርሱ። የትምህርት ቤቱ ራውተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባለ ሲም ኪስ ዋይፋይ ትጨምራላችሁ፤ እሱ ብቻውን ሁለት ዋት ይበላል። 3 ዋት ሆነ ማለት ነው። 20 የነበረው ፓኔል 50 ዋት ሊሆን ነው። ርካሹ መለኪያ ይኸው ተወደደ።

የጉለሌው

ጋሽ ሽቦ፣ ፓኔሉን በስንት ዲግሪ እናዘንብለው? ማኑዋሉ 45 ዲግሪ ወደ ደቡብ ይላል።

ሽቦ በጣሽ

ያ ማኑዋል የተጻፈው ለሚኒሶታ፣ ለሰሜን አሜሪካ ሰው ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት። ከአናት በላይ ወደ ሰሜን አልፋ ሄዳለች። ሰኔ ላይ 45 ዲግሪ ወደ ደቡብ የዞረ ፓኔል የቀትሩን ቀጥተኛ ብርሃን ግማሽ ያህሉን ይከስራል፤ እሱም ደመናው ከገለጠለት ነው። ደመና ሲሆን ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ስለሚመጣ ፓኔሉ ሰማዩን በሰፊው ቢያይ ይሻላል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አድርጉት። ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው የሚያህል ብቻ።

ፓኔሉ ከመለኪያው ጋር አንድ ላይ የተገጣጠመ ከሆነ ማዘንበያውን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቻለ ከምሰሶው ጋር የሚያያዘውን ብረት እኛው እናጥፈዋለን፤ ብየዳ ቤት ሞልቷል።

ወይራ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንዱ ሻጭ «የእኛ ፓኔል ትንሽ የሆነው መሣሪያው ኃይል ስለሚቆጥብ ነው» ብሎኛል። በየ15 ደቂቃው ይነቃል፣ ይለካል፣ ተመልሶ ይተኛል አለኝ። ይህ ይጎዳናል?

ናሙና

እኔ የአካባቢ ጤና አስተምራለሁ። መልሱ ምን እንደምትፈልጉ ላይ ነው የሚያርፈው። የቀን አማካይ ወይም የሰዓት አማካይ ከሆነ የምትዘግቡት በየ15 ደቂቃው መለካት ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ለፒኤም 2.5 (ከ2.5 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር ሺኛ 2.5 እጅ፣ የማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ) በ24 ሰዓት አማካይ 15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ፣ በዓመት አማካይ 5 ነው። የምታነጻጽሩት ከዚህ ጋር ስለሆነ ችግር የለውም።

ነገር ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወላጅ ልጁን ሲያወርድ፣ ሚኒባሱና ሰርቪሱ በር ላይ ተኮልኩለው ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙባትን ሃያ ደቂቃ ማሳየት ከፈለጋችሁ የሚተኛ መሣሪያ አንዴ ብቻ ነቅቶ ሊያልፋት ይችላል። ሴንሰሩ ከነቃ በኋላም ንባቡ እስኪረጋ 30 ሰከንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሻጩን «ሲነቃ ስንት ሰከንድ ይለካል?» በሉት። የመለኪያ ድግግሞሹን ከሩቅ መቀየር የሚቻልበት መሣሪያ ካለ እሱን አስቀድሙ፤ በጋ ላይ ቶሎ ቶሎ፣ ክረምት ላይ ዘግየት እያደረጋችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከብራንድ ምርጫው በላይ ያሳስበኛል። ከላይ ከተጠቀሱት አብዛኞቹ ውስጥ ያለው ዓይን ተመሳሳይ ነው። ትንሽ ማራገቢያ አየር ይስባል፣ ሌዘር ያበራበታል፣ ብናኙ የበተነው ብርሃን ይለካል። መሣሪያው ብናኙን አይመዝነውም፤ ከብርሃኑ ተነሥቶ ይገምተዋል። ጭጋግና እርጥበት ሲኖር ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሴንሰሩ ያበጠውን አይቶ «ብዙ አለ» ይላል።

ምሳሌ ላሳያችሁ። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለፐርፕልኤር ያወጣው ማስተካከያ አለ። ንባቡን በ0.524 ታባዛላችሁ፣ የእርጥበቱን መቶኛ በ0.0862 አባዝታችሁ ትቀንሳላችሁ፣ 5.75 ትደምራላችሁ። ነሐሴ ላይ መሣሪያው 60 ቢል፣ እርጥበቱም 85 በመቶ ቢሆን ውጤቱ 30 ገደማ ነው። ግማሹ ሄደ! ይህንን ሳታስተካክሉ ለወላጅ ኮሚቴ ብታሳዩ ያልሆነ ድንጋጤ ትፈጥራላችሁ።

ቀመሩን ግን እንዳለ ገልብጣችሁ አትጠቀሙ። የተሠራው በአሜሪካ አየር ነው። የእኛ ጭስ ከከሰል፣ ከእንጨት፣ ከናፍጣና ከቆሻሻ ቃጠሎ የተቀላቀለ ነው። የራሳችሁን ማስተካከያ ማውጣት አለባችሁ። የሚወጣው ደግሞ መሣሪያዎቹን ከማመሳከሪያ መለኪያ ጎን ሰቅሎ በማቆየት ነው።

ወይራ

ማመሳከሪያው የት ይገኛል? የአሜሪካ ኤምባሲውን እናያለን ብለን ነበር።

ናሙና

እሱማ ቀረ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየካቲት 2017 ማብቂያ ላይ የኤምባሲዎቹን የአየር ጥራት ዳታ በየሰዓቱ ማሰራጨቱን አቁሟል። የበፊቱ ዳታ ኦፕንኤኪው በሚባለው፣ የአየር ጥራት ዳታ ለማንም ክፍት ሆኖ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላይ አለ፤ የዓመታቱን መልክ ለማየት ይጠቅማል። ለእናንተ ለማመሳከሪያ ግን አይሆንም።

ማመሳከሪያ ስል በቤታ ጨረር ብናኙን የሚመዝን፣ ባም የሚባለውን ዓይነት ነው። ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር ነው፣ መብራትም ያለማቋረጥ ይፈልጋል። እናንተ አትገዙትም። አንዱን ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈልጋችሁ ጣሪያው ላይ ቦታ ለምኑ። ደብዳቤውን ዛሬ ጻፉ፤ ጣሪያ ማስፈቀድ መሣሪያ ከመግዛት ይከብዳል። አንድ ወር በበጋ፣ አንድ ወር በክረምት ጎን ለጎን ብታቆዩአቸው ጥሩ ነው። ክረምቱን አትዝለሉት፤ እርጥበቱ ያኔ ነው ያለው።

ድሬ ከዚራ

እኔ ከድሬዳዋ ነኝ። ናሙና ያለችው ላይ አንድ ልጨምር። እኛ ሰፈር አንድ ማኅበር በሌዘር የሚሠራ ርካሽ መለኪያ ሰቅሎ ነበር። መስኮቱ ላይ ስምህን የምትጽፍበት አቧራ አለ፣ ሰው ሁሉ ያስላል፣ ዳሽቦርዱ ግን አረንጓዴ ነው። ማኅበሩን «ውሸታም» ያላለ ጎረቤት አልነበረም።

ችግሩ መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። እነዚህ ትንንሽ ሴንሰሮች ወፍራሙን አቧራ አያዩትም። ፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮን ያለው ብናኝ) ብለው የሚያሳዩትን ቁጥር በቅጡ ለክተውት ሳይሆን ከትንንሾቹ ተነሥተው ገምተውት ነው። የእኛ አቧራ ደግሞ የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የጠጠር መንገድ ነው፤ አብዛኛው ወፍራም ነው። የፒኤም 10 እና የፒኤም 2.5 መስመር አንድ ላይ ተጣብቆ ሲሄድ ካያችሁ ጠርጥሩ።

ኮልፌ በኩል አስፋልት ያልገባበት መንገድ ዳር ትምህርት ቤት ካላችሁ ቁጥሩን አትመኑ። ያቺ ከበድ ትላለች ያላችኋት ሞዱሌር ፒኤም ለዚህ ነው የተወደደችው። ሁለት ዓይን አላት፤ አንዱ እንደሌሎቹ ነው፣ ሁለተኛው ብናኙን አንድ በአንድ እየቆጠረ በመጠን የሚለይ ስለሆነ ወፍራሙንም ያያል።

ናሙና

ድሬ ያለው ልክ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከ0.3 ማይክሮን በታች ያለውንም ሌዘሩ አያየውም። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣው ጥቀርሻ አብዛኛው ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀለበት መንገድ ዳር ያለው ትምህርት ቤት ከእውነታው የተሻለ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ማመሳከሪያው የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ሪፖርት ጸሐፊ

የእኔ ነገር ከሽቦም ከሌዘርም አይደለም። ከውል ነው።

አንድ ፕሮጀክት ላይ ሠርቻለሁ፤ ስሙ ይቅር። መሣሪያው በዓመታዊ ክፍያ ነበር። ሁሉ ነገር ያማረ፣ ካርታው የሚያበራ፣ ለጋሹ የሚደሰትበት። የፕሮጀክቱ ጊዜ አለቀ፣ ክፍያው ቆመ፣ ዳሽቦርዱም ተዘጋ። መሣሪያዎቹ ግድግዳ ላይ አሉ፤ የሚሰማቸው ሰርቨር የለም። ያለፈውን ዳታ ስንጠይቅ የሰጡን የተስተካከለውን የሰዓት አማካይ ብቻ ነው፤ ጥሬውን አላገኘነውም።

ክፍያው በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ካምፓኒው ማስተካከያውን ይሠራል፣ የተበላሸ ይተካል፣ ሲሙን ይከፍላል። እናንተ ጋ ዳታ የሚያስተካክል ሰው ከሌለ ይህ ብዙ ነው። ለንደን ብሪዝ ለንደን በሚባለው ፕሮጀክት እነዚያኑ ክላሪቲዎች ነው የሰቀለችው። ነገር ግን ለንደን በሦስተኛው ዓመትም ትከፍላለች፤ እናንተስ?

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የሚከተለው በጽሑፍ ይግባ። ጥሬው ዳታ የማኅበሩ ነው፣ በየወሩ በፋይል ይወርዳል። መሣሪያው ውስጥ ኤስዲ ካርድ ካለ ይገለጽ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እዚያ ያስቀምጣል ወይስ ይጥለዋል? ክፍያ ሲቆም ወደ ራሳችን ሰርቨር እንዲልክ መቀየር ይቻላል ወይስ አይቻልም? ፐርፕልኤር ላይም ቢሆን ዳታ በብዛት ለማውረድ በነጥብ የሚከፈል ነገር አለ፤ መሣሪያው የራሴ ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

ለጋሹንም አትፍሩት። «ቀጥታ የሚታይ ዳሽቦርድ» ያለው ቅጹ ላይ ስላለ ነው። ዳታውን ኦፕንኤኪው ላይ እናወጣለን፣ ማንም ያየዋል በሉት። አብዛኛው ይስማማል።

ሌላው ዕቃ ማስገባት ነው። ሲም የሚይዝ መሣሪያ የሬዲዮ መገናኛ ስለሆነ ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ሊጠየቅበት ይችላል። ሻጩ ሰነዶቹን አስቀድሞ ይላክላችሁ። ወረቀት ጎድሎ መጋዘን ውስጥ ክረምቱን ያሳለፈ ዕቃ አውቃለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ከሜሪላንድ። እኔ ፐርፕልኤር በረንዳዬ ላይ አለኝ። የገዛሁት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 የካናዳ ደን ቃጠሎ ጭስ ዋሽንግተንን ሲሸፍናት ነው። ሰማዩ ብርቱካናማ ሆኖ፣ ልጆቹ ሙሉ ቀን ቤት ውስጥ ሆነው። ያን ጊዜ መሣሪያው ጠቀመኝ።

አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ውስጡ ሁለት ሌዘር ነው ያለው። ሀ እና ለ በሏቸው። ሁለቱ ተቀራርበው ሲያነቡ ልብህ ያርፋል። አንዱ ድንገት ሲያብድ ሸረሪት ድሯን ሠርታበታለች ወይም አቧራ ይዞታል ማለት ነው። አንድ ሌዘር ብቻ ያለው መሣሪያ ሲዋሽ ማን ያውቅበታል? ኤርኮውም ሁለት ሴንሰር እንዳለው አይቻለሁ፤ እኔ ብሆን አንድ ሴንሰር ብቻ ያለውን አልገዛም።

ሻንጣ ውስጥ ይዤ ልምጣ ለምትሉ፤ ባትሪውን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ሊቲየም ባትሪ ለብቻው ከሆነ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያልፋል፣ ከዚያ በላይ እስከ 160 አየር መንገዱ መፍቀድ አለበት። ጋሽ ሽቦ ያሰሏት ባትሪ ለጥቂት ታልፋለች።

ረጲ ያደገ

ሁላችሁም ስለ ብናኝ ነው የምታወሩት። እኔ እዚያው ቆሼ ጥግ ነው ያደግኩት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የቀበረ ጊዜ ጎረቤቶቼን አጥቻለሁ። ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ በ2010 ሲመረቅ ነገሩ ያበቃል ብለን ነበር። አሁንም ማታ ማታ ሽታው አለ፣ ጭሱም አለ። የእናንተ መሣሪያ ሽታውን ይለካል? ካልለካ ለእናቴ «አየርሽ አረንጓዴ ነው» ብላችሁ ልትነግሯት ነው?

ናሙና

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ጥያቄህ ትክክል ነው፤ መልሱ ደግሞ አይለካም ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ጋዝ ነው። የብናኝ መለኪያ አያየውም። ጭሱን ግን ያየዋል።

የጉለሌው

ታዲያ የጋዝ ሴንሰር ያለውን ይግዙ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚለኩ አሉ፣ ክላሪቲውም ይለካል።

ናሙና

ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከመኪና ነው የሚመጣው፤ የረጲውን ሽታ አይመልስለትም። በዚያ ላይ የርካሾቹ መሣሪያዎች የጋዝ ሴል ኬሚካል ነው፤ ጊዜ በሄደ ቁጥር ንባቡ ይንሸራተታል፣ ኦዞንንም እንደ ራሱ ጋዝ ይቆጥራል፣ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ይተካል። ማስተካከያውን ለመሥራት የጋዝ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ለሌላቸው ሰዎች ጋዝ ጨምሩ ማለት በጀት መበተን ነው። እኔ አልመክርም።

የጉለሌው

እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ሰው የሚማረርበትን ትቶ መሣሪያው የሚችለውን መለካት ምን ይባላል?

ሪፖርት ጸሐፊ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ልል አልፈልግም፤ ናሙና ናት ልክ። ያልተስተካከለ የጋዝ ቁጥር ይዛችሁ ስብሰባ ብትገቡ መጀመሪያ የሚጥሉት እሱን ነው፤ ብናኙንም ይዞ ይወድቃል። ሽታውን በሌላ መንገድ ያዙት። ለየቤቱ ደብተር ስጡ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሽታው ከባድ ነው ወይስ ቀላል፣ ነፋሱ ከየት በኩል ነው። ያን ከጭሱ ዳታ ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጡት የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። ዳሽቦርዱም ላይ «ይህ ሽታን አያሳይም» ብላችሁ በደማቁ ጻፉ።

ረጲ ያደገ

እንዲህ ከሆነ ደብተሩን እኔ አስተባብራለሁ። ወይራ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የሰፈር ሰው

ከሰቀላችሁ በኋላ ስለሚመጣው ላውራ። እኛ ሁለት ሰቅለን ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ካሜራ ነው ወይ?» ነው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «የአየር መለኪያ ነው፤ ካሜራ የለውም» ብላችሁ ለጥፉ።

ፓኔል ያጓጓል። በእጅ የሚደረስበት ከፍታ ላይ አታድርጉት። በጣም ከፍም አታድርጉት፤ ልጆች የሚተነፍሱት ጣሪያ ላይ አይደለም። ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ጥሩ ነው።

ቦታ ስትመርጡ የምገባውን ኩሽና አስተውሉ። አንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ ደስ ብሎት የሰጠን ግድግዳ ከኩሽናው ጭስ መውጫ አራት እርምጃ ነበር። ጠዋት ወጡ ሲጣድ ግራፉ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ይወርዳል። የከተማውን አየር ሳይሆን የምስር ወጥ ሰዓት ነበር የምንለካው።

ሲሙን ደግሞ በሠራተኛ ስም አታውጡ። ሠራተኛው ሲለቅ ሲሙም ይለቃል። በማኅበሩ ስም ይሁን፤ ዳታው ጥቂት ሜጋ ባይት ስለሆነ ወጪው አያስጨንቅም፣ የሚረሳው መሙላቱ ነው።

የጉለሌው

መሣሪያው በትክክል መሥራቱን ለማየት ሕዳር 12ን ጠብቁ። ሕዳር ሲታጠን ግራፉ ካልዘለለ መልሱላቸው።

ናሙና

ቀልድ ብትለውም እውነት አለው። ቆሻሻ በየደጁ የሚቃጠልበት ማታ ስለሆነ ሁሉም መሣሪያ አንድ ላይ መውጣት አለበት፤ ያልወጣው ማራገቢያው ቆሞ ሊሆን ይችላል። ልማዱ ከ1911ዱ የሕዳር በሽታ የመጣ ነው፤ በሽታ ለማባረር የተጀመረው ጭስ ዛሬ ሴንሰር መፈተኛ ሆነልን። የደመራም ማታ እንዲሁ ነው።

ሌላም ልጠቁም። ሻጭ የሚነግራችሁን ከማመን በፊት ገለልተኛ ፈተና እዩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤኪው-ስፔክ የሚባል ማዕከል ብዙዎቹን ከማመሳከሪያ ጋር አስተያይቶ ውጤቱን በነጻ ያወጣል። አክራ፣ ጋና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ አፍሪ-ሴት አለ፤ የእሱ አየር ሐርማታን የሚባለው ነፋስ የሚያመጣው የበረሃ አቧራ ያለበት ስለሆነ ለእኛ ይቀርባል። ሪፖርቱ ላይ «ግንኙነቱ 0.9 ነው» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ። ያ ማለት መስመሩ አብሮ ይወጣል ይወርዳል ማለት ነው እንጂ ቁጥሩ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ወይራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከቦርዱ ጋር ተሰብስበን ነበር፤ የደረስንበትን ልንገራችሁ።

ስድስት ቦታ የሚለውን ወደ አራት አወረድነው። ለጋሹ ትንሽ አጉረምርሞ ተስማምቷል። ፐርፕልኤርን ተውነው፤ መሣሪያው ሳይሆን ዋይፋዩና 50 ዋቱ ነው ያስፈራን። ጠጠር መንገዱ ላይ ላለው ትምህርት ቤት ወፍራሙን አቧራ የሚያየውን ሞዱሌር ፒኤም እንገዛለን። ለቀሩት ሦስት ቦታዎች አንድ ዓይነት መሣሪያ አራት እንገዛለን፤ አራተኛው ከማመሳከሪያው ጎን ለዘለቄታው ይሰቀላል፣ አንዱ ሲበላሽ ደግሞ ይተካዋል። ከክላሪቲና ከኤርኮ የትኛው ይሁን የሚለው ገና ነው። ለሁለቱም የጥሬ ዳታውን፣ የፀሐይ አልባ ቀኑንና ክፍያ ሲቆም ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ደብዳቤ ልከናል። መልሱ በጽሑፍ የመጣ ይወስዳል። እኔ በግሌ ወደ ካምፓላው አደላለሁ። ለእንዲህ ዓይነት አቧራና ለእንዲህ ዓይነት ኔትወርክ የተሠራ ነው፣ ሲበላሽም ጥገናው ቅርብ ነው። የሒሳብ ሹሟ ግን ሁሉን ነገር በአንድ ደረሰኝ የሚያስጨርሰውን ትመርጣለች፤ እሷም አልተሳሳተችም።

ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የጣሪያ ደብዳቤ አስገብተናል። የሽታ ደብተሩም ተጀምሯል፣ ረጲ ያደገ እናቱን የመጀመሪያዋ ጸሐፊ አድርጓታል።

አሁን ያልገባኝ ምሰሶው ነው። ትምህርት ቤቶቹ ግድግዳ እንዲበሳ አይፈልጉም። ምን ላቁም?

ሽቦ በጣሽ

ባለ ሁለት ኢንች የውሃ ቱቦ፣ ጋልቫናይዝድ የሆነውን፣ አራት ሜትር ግዢ። 70 ሳንቲ ሜትሩ መሬት ውስጥ በኮንክሪት ይቀበር። መለኪያውን በሁለት ዩ ቦልት እሰሪው፤ አንድ ብቻ ከሆነ ነፋስ ያዞረዋል። ፓኔሉ ከላይ ይሁን፣ ለመለኪያው ጥላ ይሆንለታል፣ የአየር ማስገቢያውን ግን እንዳይከልለው ክፍተት ተዪ። ባትሪውን ፀሐይ በማይመታው በኩል በሳጥን አድርጊው፤ ሙቀት ነው ቶሎ የሚገድለው። ገመዱ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ከሥር ይሁን፣ ከመግባቱም በፊት ትንሽ ወደ ታች ረገብ ይበል፤ ዝናቡ በገመዱ ተንሸራቶ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ኮንክሪቱ ሳምንት ይድረቅ፣ ከዚያ ደውዪልኝ፤ የመጀመሪያውን አብሬያችሁ እሰቅላለሁ።